ለኪራይ የሚሆን ቤት እንዴት ይመረመራል? እንዴትስ ይሻሻላል?

(በሬዲዮ ከተሰጡ ንግግሮች)

በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ከብዙ ዓመት ቁጠባ በኋላ፥ ወይም ዕቁብ ወጥቶለት፥ ጥቂት ገንዘብ በእጁ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣለት ሐሳብ አነስተኛ ቤት ገዝቶ ማከራየት፥ ወይም በግቢው ውስጥ አንድ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሠርቶ ኪራይ መቀበል ነው። ይህ ሐሳብ የሚነቀፍ አይደለም። ቤት በጡረታ ዘመን የሚደገፉበት፥ ለልጅም የሚተላለፍ ሀብት ነው። ነገር ግን ቤት የገዛ ሁሉ አተረፈ ማለት አይደለም። ባለ ብዙ ሕንፃ የሆነ ነጋዴ በአንዱ ቤት ቢከስር በሌላው ይተካዋል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ግን የሃያ ዓመት ቁጠባውን በአንድ ቤት ላይ ስለሚያውል፥ ከተሳሳተ የሚተካበት ሌላ የለውም። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ገንዘቡ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ቤቱ እንዴት መመርመር እንደሚገባው፥ ከተገዛም በኋላ የቱን አስቀድሞ፥ የቱንስ አስከትሎ ማሻሻል እንደሚሻል ነው።

የንግግራችንን ፍሬ ነገር ከወዲሁ ብንናገር የሚከተለው ነው። የሚከራይ ቤት የሚለካው በሚያስገባው ኪራይ ሳይሆን፥ ወጪው ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ በዓመቱ መጨረሻ በባለቤቱ እጅ በሚቀረው ገንዘብ ነው። ይህን መለኪያ የያዘ ሰው ሲገዛም፥ ሲያድስም፥ ሲያከራይም አይሳሳትም።

የዚህን ነገር እውነተኛነት ከከተማችን ከአዲስ አበባ ታሪክ መማር ይቻላል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የነበሩት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ዋሉ። የአነስተኛ ቤቶችም ኪራይ በአዋጁ ተቀነሰ። ይህ ለተከራዩ ታላቅ እፎይታ ነበር። ይሁን እንጂ ኪራዩ ለብዙ ዓመታት ባለበት ሲቆም የቆርቆሮው፥ የእንጨቱና የሚስማሩ ዋጋ አልቆመም። ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብ ጣሪያ ለመለወጥ ስለማይበቃ ጣሪያው ዛገ፤ ውሃው ወደ ግድግዳው ወረደ፤ ግድግዳውም እንጨቱ በስብሶ ዘመመ። በብዙ የከተማው ሠፈሮች የታዩት ያረጁ የቀበሌ ቤቶች ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ቤቱን የመንግሥትም ይያዘው የግለሰብ፥ ራሱን የሚያሳድስ ገንዘብ የማያስቀር ቤት ውሎ አድሮ መፍረሱ አይቀርም።

እንግዲህ ወደ ምርመራው እንግባ። ምርመራው በሦስት ይከፈላል፤ ይኸውም የሰነዱ፥ የቤቱ አካልና የሒሳቡ ምርመራ ነው።

አንደኛ፥ ስለ ሰነዱ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 እንደ ደነገገው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን እንጂ ቦታውን አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠውን የሊዝ ዘመን 99 ዓመት አድርጎ፥ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጎ ነበር። ይህ ለገዢው ምን ያህል ዓመታዊ ክፍያ እንደሚያስከትል፥ አዲስ የወጣ መመሪያም እንዳለ፥ ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

ካርታው በማን ስም እንደ ሆነ፥ በካርታው ላይ የተጻፈው ስፋት ከአጥሩ ጋር ይስማማ እንደ ሆነ በሜትር ለክቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቤቱ ለባንክ መያዣ ሆኖ እንደ ሆነ ወይም በፍርድ ቤት ታግዶ እንደ ሆነ መጠየቅ የግድ ነው፤ ምክንያቱም የመያዣ ዕዳ ባለዕዳውን ትቶ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳልና። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ባልና ሚስቱ ስምምነት እንደማይሸጥ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ይደነግጋል። በውክልና የሚሸጥ ሰው ከሆነም ውክልናው አለመሻሩን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ማጣራት ይገባል። በዕጣ የተላለፈ የጋራ መኖሪያ ቤት ሲሆን ደግሞ ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ የተጣለው ክልከላ ማለፉን ሳያረጋግጡ ቀብድ መስጠት አደጋ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ አዟል። በሽማግሌ ፊት በአንድ ወረቀት ላይ የተጻፈ ስምምነት ለወዳጅነት ያማረ ቢሆንም ለሙግት ቀን አይበቃም።

ከዚህም ሌላ ሠፈሩ በከተማው ፕላን ለምን እንደ ተመደበ መጠየቅ እጅግ ያስፈልጋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት በፒያሳ፥ በኋላም በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ተነሥተዋል። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ሕጋዊ ሰነድ ያለው ባለቤት ካሳ ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃድ የተቀጠለ ክፍል ግን ኪራይ ሲያስገባ ቢቆይም በዚያ ቀን የሚቆምለት ሕግ የለውም። እንዲህ ያለውን ክፍል ኪራይ በዋጋው ውስጥ አስገብቶ የሚሸጥ ሰው ቢያጋጥማችሁ ያን ክፍል እንደሌለ ቆጥራችሁ ዋጋውን ተመልከቱ።

ሁለተኛ፥ ስለ ቤቱ አካል።

ቤት የሚታይበት ጊዜ አለው። በበጋ ወራት አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። ቤትን እንዳለ የሚያሳየው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። በክረምት ለማየት ካልተቻለም የክረምቱን ምልክት በበጋ መፈለግ ይቻላል። ከኮርኒሱ ላይ ያለ ቢጫ ክብ፥ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የተላላጠ ቀለም፥ ከቁም ሣጥን ጀርባ የሚወጣ የሻጋታ ሽታ፥ እነዚህ ሁሉ ውሃ በዚያ እንዳለፈ ይመሰክራሉ።

ጣሪያውን ለመመርመር ብዙ ዕውቀት አያሻም። ኮርኒስ በሌለበት ክፍል በቀትር ገብታችሁ በርና መስኮት ዝጉና ወደ ላይ ተመልከቱ። በቆርቆሮው ውስጥ እንደ ከዋክብት የሚበሩ ነጥቦች ከታዩ በእያንዳንዱ ነጥብ ውሃ ይገባል ማለት ነው። ነጥቦቹ ጥቂትና በሚስማሩ ዙሪያ ብቻ ከሆኑ ጥገና ይበቃቸዋል፤ በቆርቆሮው ፊት ሁሉ ከተበተኑ ግን ጣሪያው በሙሉ መለወጥ ስላለበት ወጪው ከመሸጫው ዋጋ ላይ እንዲነሣ መከራከር ይገባል።

ቤቱ የጭቃ ቤት ከሆነ ሕይወቱ ያለው በእንጨቱ እግር ነው። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ ምርጊቱን ጥቂት ፈቅፍቆ በቢላዋ ጫፍ መውጋት ነው። ቢላዋው ሳይቸገር ከገባ እንጨቱን እርጥበት ወይም ምስጥ በልቶታል። ግድግዳው በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመና የጣሪያው ክፈፍ ዝናቡን አርቆ የሚያፈስ የጭቃ ቤት ግን ከደካማ ብሎኬት ቤት ይልቅ ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላልና ጭቃ መሆኑን ብቻ አይቶ መናቅ አይገባም።

ቤቱ የብሎኬት ከሆነ ስንጥቁን ማንበብ ያስፈልጋል። በልስኑ ላይ እንደ ጠጉር የቀጠነ ስንጥቅ የሚያሠጋ አይደለም። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ሰያፍ የሚወጣና እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ግን መሠረቱ እንደሚንቀሳቀስ ያሳያል። ይህ በተለይ ጥቁር አፈር ባለበት፥ ለምሳሌ በቦሌና በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ባሉ ቦታዎች፥ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በላዩ ያለውንም ቤት በየዓመቱ ያነሣዋል፥ ይጥለዋል። እንዲህ ያለውን ቤት መሐንዲስ ሳያየው መግዛት አይገባም። ለመሐንዲስ የሚከፈለው ገንዘብ ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የጋራ መኖሪያ ቤት ሲሆን የምትገዙት አራቱን ግድግዳ ብቻ አይደለም። ደረጃው፥ ጣሪያውና የፍሳሹ መስመር የሁሉም ነውና የነዋሪዎቹ ማኅበር ገንዘብ ይሰበስብ እንደ ሆነ፥ የተበላሸውንም ያስጠግን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀድሞ በተሠሩት ሊፍት በሌላቸው ሕንፃዎች አራተኛ ፎቅ ያለ ቤት ለሽማግሌና ለሕፃን አይመችም፤ የውሃውም ግፊት ብዙ ጊዜ እዚያ ድረስ አይወጣም። ይህ ሁሉ በኪራዩ ላይ ይታያል።

በመጨረሻም ጎረቤት ይጠየቅ። በሳምንት ስንት ቀን ውሃ ይመጣል? ክረምት ሲገባ መንገዱ መኪና ያስገባል? ማታ መብራት አለ? ይህን በሥራ ሰዓት ሳይሆን ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ በሚገባበት በምሽት ሄዶ መጠየቅ ይሻላል። የቤቱንም ኪራይ ልክ ከሻጩ ሳይሆን በዚያው ሠፈር ተመሳሳይ ቤት ከተከራዩ ሁለት ሦስት ሰዎች ጠይቆ መረዳት ነው።

ሦስተኛ፥ ስለ ሒሳቡ።

ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች የተመረጠ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። በ4,600,000 ብር የሚሸጥ፥ በወር 20,000 ብር የሚከራይ ቤት አለ እንበል። ደላላው 20,000 ብር በ12 ወር ሲባዛ 240,000 ብር ነው፤ ስለዚህ ቤቱ ከመቶው ከ5 ብር በላይ ያስገባል ይላል። ማባዛቱ ልክ ነው፤ ሒሳቡ ግን ጎደሎ ነው።

በመጀመሪያ፥ የሚወጣው ገንዘብ 4,600,000 ብር ብቻ አይደለም። ስም ለማዛወር፥ ለደላላ፥ ቤቱንም ለኪራይ ብቁ ለማድረግ 400,000 ብር ቢወጣ ጠቅላላው 5,000,000 ብር ይሆናል። ቀጥሎም፥ 240,000 ብሩ ሁሉ እጅ አይገባም። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢቀር 20,000 ብር ይቀነሳል። ለእድሳት 30,000 ብር፥ ለኪራይ ገቢ ግብርና ለጣሪያና ግድግዳ ግብር 35,000 ብር፥ ለልዩ ልዩ መዋጮ 5,000 ብር ይነሣ። ድምሩ 90,000 ብር ነው። የሚቀረው 150,000 ብር ሲሆን ይህ ከ5,000,000 ብሩ ከመቶ 3 ብር ብቻ ነው።

ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 7 እንዳደረገ ስናስታውስ ይህ ቤት በኪራዩ ብቻ ሲታይ ከባንክ ደብተር ያነሰ መሆኑን እንረዳለን። እርግጥ ነው፥ ኑሮ ሲወደድ በባንክ የተቀመጠ ብር አቅሙ ይደክማል፤ የቤት ዋጋ ግን አብሮ ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን ዋጋው የሚጨምረው ቤቱ እስከ ቆመና ሰነዱ እስከ ጠራ ድረስ ነው፤ ጭማሪውም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ የልጅ ትምህርት ቤት አይከፍልም። ስለዚህ ወደፊት ይጨምራል የሚለውን ተስፋ እንደ ምርቃት መያዝ እንጂ እንደ ደመወዝ መቁጠር አይገባም።

በተለይ ተበድሮ ለሚገዛ ሰው ይህ ሒሳብ የሞት የሽረት ነገር ነው። በምሳሌአችን ካለው ገንዘብ እኩሌታው፥ ማለት 2,500,000 ብር፥ በብድር ቢገኝና ወለዱ በዓመት ከመቶ 15 ቢሆን፥ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 375,000 ብር ይሆናል። ቤቱ የሚያስቀረው 150,000 ብር ነው። ጉድለቱ 225,000 ብር፥ በየወሩም 18,750 ብር ከደመወዝ መውጣት አለበት፤ ዋናው ገንዘብ ገና አልተነካም። ቤቱ ጌታውን ይመግባል ሲባል ጌታው ቤቱን ሲመግብ ይገኛል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ታዲያ አይገዛ ማለታችን ነውን? አይደለም። ሒሳቡ የሚያስተምረው ሊከፈል የሚገባውን የዋጋ ልክ ነው። ቤቱ በእጅ የሚያስቀረውን ካወቃችሁ፥ ገንዘባችሁ ከመቶ ስንት እንዲያስገባላችሁ እንደምትፈልጉ ወስናችሁ፥ ወደ ኋላ በመቁጠር ከዚህ በላይ አልከፍልም የምትሉበትን ዋጋ ታገኛላችሁ። ሻጩ ወደዚያ ካልወረደ ሌላ ቤት መፈለግ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ በቤት ነገር ችኮላ የሚጠቅመው ለደላላው ብቻ ነው።

አሁን ስለ ማሻሻል እንናገር።

ብዙ ሰው ቤት እንደ ገዛ የሚቸኩለው ወደ ቀለምና ወደ ሴራሚክ ነው፤ ምክንያቱም ለዓይን የሚታየው እርሱ ነው። ትክክለኛው ተራ ግን ከዚህ የተገለበጠ ነው። አስቀድሞ ቤቱን ከውሃ የሚጠብቀው ይሠራል፤ ይኸውም ጣሪያው፥ አሸንዳው፥ በቤቱ ዙሪያ ያለው የውሃ መውረጃ ቦይ ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ከመሠረቱ ሥር እንዳይቆም ማድረግ ብቻ የአንድን ቤት ዕድሜ ያረዝማል። ቀጥሎ ለሕይወት የሚያሠጋው ይታረማል፤ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፥ የሞላ የመጸዳጃ ጉድጓድ፥ የማይዘጋ በር ለነገ አይባልም። ሦስተኛው ለተከራዩ የዕለት ኑሮ የሚመቸው ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ፥ ብርሃን የሚያስገባ መስኮት፥ ለብቻ የሆነ ቆጣሪ በዚህ ክፍል ይቆጠራሉ። ውበት የሚመጣው በአራተኛ ደረጃ ነው።

ስለ ቆጣሪው ጥቂት እንጨምር። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ብዙ ለሚፈጅ ሰው የእያንዳንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ የሚያደርግ ነው። አራት ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ፍጆታው ተደምሮ ወደ ከፍተኛው ታሪፍ ስለሚገባ ሁሉም ከፍጆታው በላይ ይከፍላል። በየወሩ በግቢ ውስጥ የሚነሣው ጠብ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ለተከራይ ለብቻው ቆጣሪ ማስገባት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሰላምም ያተርፋል።

የማሻሻያውም ሥራ እንደ ግዢው በሒሳብ ይመዘን። 60,000 ብር ወጥቶበት የውሃ ማጠራቀሚያ ቢገባና በዚህ ምክንያት ቤቱ በዓመት ሁለት ወር ባዶ መቆየቱ ቀርቶ አንድ ወር ብቻ ቢሆን፥ የአንድ ወር ኪራይ፥ ማለት 20,000 ብር ይተርፋል፤ ወጪውም በ3 ዓመት ይመለሳል። ለወለል ንጣፍና ለጌጥ 150,000 ብር ወጥቶ ኪራዩ በወር 1,000 ብር ብቻ ቢጨምር ግን ገንዘቡን ለመመለስ አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ያስፈልጋል፤ ንጣፉም እስከዚያ ድረስ ያረጃል። ባለቤቱ ለራሱ ሊኖርበት የሚሠራው ጌጥ ሌላ ነገር ነው፤ ለሚከራይ ቤት ግን ባለቤቱን ደስ የሚያሰኘውና ተከራዩን የሚያቆየው አንድ እንዳልሆኑ ማስተዋል ይገባል። ግድግዳ ማፍረስ ወይም ክፍል መቀጠል ሲታሰብም አስቀድሞ የግንባታ ፈቃድ ማውጣት የግድ ነው።

ይህ ሁሉ የሚፈጸምበት ጊዜ ደግሞ ከኪራይ ውል በፊት ቢሆን ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ በ30 ቀን ውስጥም እንዲመዘገብ፥ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፥ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ደንግጓል። ጭማሪም የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፥ የሚመለከተው አካል በሚያስታውቀው ልክ ነው። ስለዚህ በጎደለ ቤት ዝቅ ያለ ኪራይ ተዋውሎ፥ በኋላ አድሼ አናረዋለሁ የሚል ባለቤት ስሌቱ አይሳካለትም። ኪራይ በሰነድ የሚከፈል ስለ ሆነም የገቢ ግብሩን ከወዲሁ በሒሳብ ውስጥ ማስገባት እንጂ ሊሰወር ይችላል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው።

በዚህ አዋጅ የሚቈጡ አከራዮች አይጠፉም። ነገር ግን ሒሳቡን በተረጋጋ መንፈስ ለሚያየው ሰው የሁለት ዓመት ውል ጉዳት ብቻ አይደለም። ከላይ እንዳየነው ባዶ የሚቀር አንድ ወር ሃያ ሺህ ብር ይወስዳል፤ በየስድስት ወሩ ተከራይ መለዋወጥ ደግሞ ቀለም፥ ቁልፍና የደላላ ዋጋ ያስከትላል። ኪራዩን በቀኑ የሚከፍል፥ ቤቱን እንደ ራሱ የሚይዝ ቤተ ሰብ ለባለቤቱ ከጭማሪ ይልቅ ይበልጥበታል። እንዲህ ያለውን ተከራይ የሚያቆየው ደግሞ ሲጠሩት የሚመጣ፥ የሚያፈስ ቧንቧ ተነግሮት ወር ሳይቆይ የሚያስጠግን ባለቤት ነው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ዛሬ ተከራዮች ስለ ሆናችሁ ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከአነስተኛ ባለቤት የሚጠበቀው መሐንዲስነት ወይም ጠበቃነት አይደለም። የሚጠበቅበት እናንተ በየመሥሪያ ቤታችሁ ዕለት ዕለት የምትሠሩት ሥራ ነው፤ ይኸውም ሰነድ መመርመር፥ ገቢና ወጪ መመዝገብ፥ ለሚመጣው ዓመት በጀት መያዝ ነው። የመንግሥትን ገንዘብ በመዝገብ የሚጠብቅ ሰው የራሱን ቤት በግምት ሊያስተዳድር አይገባውም። አንድ ደብተር ግዙ፤ በአንዱ ገጽ ቤቱ ያስገባውን፥ በሌላው ያስወጣውን በየወሩ ጻፉ፤ ከእያንዳንዱም ወር ኪራይ የጣሪያውን ድርሻ ለብቻ አስቀምጡ። ጣሪያው የሚያፈስበት ዓመት መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ ከተቀመጠበት ይወጣል እንጂ ከልጆች ትምህርት ላይ አይቀነስም።